የሁለቱ ጉድጓዶች ክርክር

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ ጆሮዬን እየጎተትሽ ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ፤

እንዴት ነሽ እትዬ? እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ? ልብስ ስፌቱ ላይ ስትጎነበሺ የሚይዝሽ ውጋት ለቀቀሽ ወይስ እንደ ክፉ ተከራይ አልወጣም አለ? እማዬ እንዴት ናት? ዓይኗስ? ጉልበቷስ? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራስ ሥር ትደብቀዋለች? ጋሼ ባልሽስ ደህና ነው? አሁንም ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይወስደዋል? ታድሎ! መንታዎቹስ አደጉ? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼም በጤናችን ደህና ነን። በጤናችን ነው ያልኩት። የቀረውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ ግን እንዳትደነግጪ፣ የሞተብን ሰው የለም። ሰው የሚሞትብን ሥራ ላይ ብቻ ነበር፣ እሱንም ከተከለከልን ሰነበተ።

አሁን ወረቀቱን አገላብጠሽ «ይህን ደግሞ ማን ጻፈለት?» ማለትሽ አይቀርም። ማንም አልጻፈልኝም። እኔው ነኝ፣ በዚህ አካፋ ባጠነከረው እጄ። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ እሱ ደግሞ የራሱን ወሬ ከእኔ ወሬ ጋር ይቀላቅላል። ባለፈው ጊዜ ጥርሱን ተነቀለ ተብሎ የተጻፈልሽና ያዘንሽልኝ የእሱ ጥርስ ነው፣ የእኔ ሁሉም አሉ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁትም እኔ ነኝ። አንደኛ የነበሩት ሴትዮ መነጽራቸው ባይሰበር ኖሮ ሁለተኛ ይሆን ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አትስሚያቸው። መምህሯ ራሷ «የእርስዎን ጽሑፍ ሳይ ዓይኔን ማመን ያቅተኛል» ብላኛለች። ቢረዝምብሽ ታገሺኝ፤ የምጽፈው አርፌ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ሁለት መሥመር እጽፍና እነሣለሁ፣ እስከ በሩ እሄድና እመለሳለሁ። ባለቤቴ «ወይ ጻፍ ወይ ሂድ፣ ወለሉን ጨረስከው እኮ!» እያለችኝ ነው።

እንደምታውቂው ሥራዬ በከተማው መቃብር ቦታ ቆፋሪነት ነው። ቆፋሪ ብቻ አይደለሁም፣ የቆፋሪዎች አውራ ነኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው አባባ ጓንት የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በጋ ከክረምት ቀኝ እጃቸው ላይ ብቻ ጓንት ያጠልቃሉ፣ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ግራውን ማን ሊጨብጠው?» ይላሉ። ሁለተኛው መብረቅ ነው፤ መብረቅ ያልነው ከተቀመጠበት እስኪነሣ ቀብሩ ስለሚያልቅ ነው። ሦስታችን አንድ ላይ ስንቆፍር ግን እትዬ፣ ብታይን! የጉድጓዱ ግድግዳ በቢላዋ የተቆረጠ ሳሙና ይመስላል። ስንጨርስ አባባ ጓንት ወርደው በጀርባቸው ይተኛሉ፣ ሰማዩን ትንሽ ያያሉ፣ «ይመቻል» ሲሉ ብቻ ነው አካፋችንን የምንጠርገው። «ትከሻዬን ነካኝ» ካሉ ደግሞ ሳናጉረመርም እናሰፋለን። ይህን አድርጉ ብሎ ያዘዘን የለም፤ እዚያ የሚገባው ሰው ባይመቸው ተመልሶ ስለማይከሰን ነው የምንጠነቀቀው።

ከሥራው ጋር የሚሰጥ ቤት አለ፤ ከመቃብሩ መግቢያ አጠገብ ያለው ሁለት ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ጥዶቹ የሚያየው። ልጆቼ የተወለዱትም፣ መራመድ የተማሩትም እዚያ ነው። ጎረቤቶቻችን እንደምታውቂው ጨዋ ናቸው፣ ሬዲዮ አያስጮኹ፣ አይበደሩ፣ አያሙን።

በዚህ መሐል አዲስ መዋቅር መጣ። መዋቅር ምን እንደሆነ እኔ እንጃ፤ መጣ ሲባል ግን ሰው ሁሉ ወንበሩን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ለቀብሩ ትንሽ የመቆፈሪያ መኪና ተገዛና እኛን ሦስታችንን ወደ መናፈሻ መምሪያ አዛወሩን፣ ዛፍ ተከላ። የዝውውሩን ወረቀት ለሁለቱ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «የቀድሞ የሥራ መደብ፦ ቆፋሪ። የአሁን የሥራ መደብ፦ ቆፋሪ» ይላል። ከታች ደግሞ ቤቱ ለአገልግሎቱ ስለሚፈለግ እንድለቅ ይላል። መጀመሪያ ሳልደናቀፍ በማንበቤ ኮራሁ፤ ምን እንዳነበብኩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ዝውውሩን የፈረመው ኃላፊ ዘንድ ሄደን ስንጮኽ «ምን ተለወጠባችሁ? አካፋው ያው አካፋ፣ አፈሩም ያው አፈር» አለን። አባባ ጓንት «ልጄ፣ አፈሩማ ያው ነው፤ የሚገባበት ነው የተለየው» አሉት። ኃላፊው ስብሰባ አለብኝ አለ። እኛም ያለን ክስ ነው ብለን ወጣን።

ለችግረኛ በነጻ የምትከራከር ጠበቃ አገኘን። ቀጭን፣ ፈጣን፣ እየሄደች የምታወራ ልጅ ናት፤ እሷን ለማማከር መሮጥ ያስፈልጋል፣ መብረቅ የምክሩን መጨረሻ ሰምቶ አያውቅም። ሕጉ የመንግሥት ሠራተኛን ከመምሪያ ወደ መምሪያ ማዛወር ይፈቅዳል፣ ነገር ግን አዲሱ ሥራ ከበፊቱ ጋር የሚመሳሰል መሆን አለበት አለችን። እንግዲህ ክርክሩ ይኸው ነው፦ የመቃብር ጉድጓድና የዛፍ ጉድጓድ ይመሳሰላል ወይስ አይመሳሰልም? ከሰስን። ፋይሉ በማን ስም እንደሚጠራ ታውቂያለሽ? በእኔ! የችሎት አስተናባሪው በር ላይ ቆሞ «እነ» ይልና የእኔን ስም ከነአባቴ ይጠራል፤ ሁለቱን በዚያች «እነ» ውስጥ ጠቅልሎ ያልፋቸዋል። መብረቅ ቅር ብሎት «እዚያ ውስጥ ማን እንዳለ በምን ይታወቃል?» አለኝ። «እኔ ስነግራቸው» አልኩት።

ክሱ እስኪታይ ግን አዲሱ ሥራ ላይ ተገኙ ተባልን። የመናፈሻው አለቃ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ችኩል ሰው ነው። ከትልቁ መሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት፣ ሰፊው መንገድ ዳር ወሰደንና ችግኞቹ ነገ ይመጣሉ፣ በመሥመር ቆፍሩ ብሎን ፊሽካውን ነፍቶ ሄደ። ምን ያህል ይጥለቅ አላለም። እኛም አልጠየቅንም፤ ጉድጓድ ቆፍሩ ስንባል የሚታየን አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ያለ ሥራ የከረመ ጉልበት ስለነበረን፣ ምን አለፋሽ፣ የዕድሜያችንን ምርጥ ሥራ ሠራን። ረጅም፣ ባለ ማዕዘን፣ እስከ ትከሻ የሚውጥ፣ አፈሩ ወደ አንድ ወገን የተከመረ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ። አባባ ጓንት በየአንዳንዱ እየገቡ ተኝተው «ይመቻል» አሉ። መንገደኛው እየቆመ ሲያየን ሥራችንን ያደነቀ መስሎኝ ወገቤን ቀና አድርጌ ሰላምታ እሰጥ ነበር።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሲገቡ በየበሩ ፊት አንዳንድ መቃብር አፉን ከፍቶ ተቀበላቸው። አንዱ ጉድጓዶቹን ቆጥሮ ከኃላፊዎቹ ቁጥር ጋር እኩል ነው አለና የሕመም ፈቃድ ሞላ። አንዷ ጸሐፊ አለቀሰች። ፖሊስ መጣ። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ «ይሄ ለማን ነው?» ብሎ አባባ ጓንትን ቢጠይቃቸው፣ እሳቸው በቅንነት «ቀድሞ ለመጣ» አሉት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንቺው ገምቺው። አለቃው «ዛቻ ነው! አድማ ነው!» እያለ የሚጮኸው ፊሽካውን ከአፉ ሳያወጣ ስለነበር ግማሹ ንግግሩ ፉጨት ነው።

ጠበቃችን ግን ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «አይመሳሰልም ብዬ በቃል የምከራከረውን እናንተ መንገድ ዳር ቆፍራችሁ አሳያችሁልኝ!» አለች። ችሎት በቀረብን ዕለት የጉድጓዶቹን ፎቶግራፍ ለዳኛዋ ሰጠች፤ ዳኛዋ አንዴ አይተው በጀርባው ገለበጡት። ነገራችን አምሮ ሰምሮ ነበር። ያኔ የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ተነሣ። ከረባቱ የተስተካከለ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሲያዩት የሚያዝንልሽ የሚመስል ሰው ነው። ወደ እኔ ዞሮ «በሙያዎ የታወቁ ነዎት ሲባል ሰምቻለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምን ልበል? «ልክ ነው» አልኩ። «በዚህ ከተማ እንደ እርስዎ የሚቆፍር የለም ይባላል» አለ። «በዚህ ከተማ ብቻ?» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ታውቂኛለሽ። ጠበቃችን ከኋላ ኮቴን ትጎትታለች፣ እኔ ወንበሩ የያዘኝ መስሎኝ ነጠቅ አድርጌ አስለቀቅኩት። «ድንጋያማ መሬትስ?» አለኝ። «ገለባ ነው» አልኩት። «ጭቃስ?» ሲለኝ «ጨዋታ ነው» አልኩት። «እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ክብ፣ ችግኝ የሚገባበት ጉድጓድስ?» ቢለኝ እኔ ወንድምሽ ደረቴን ነፍቼ «ጌታዬ፣ እኔ የማልቆፍረው ጉድጓድ ገና አልተፈጠረም!» አልኩና እንዲያጨበጭቡልኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ነገረ ፈጁ ለዳኛዋ እጅ ነሥቶ «ይመዝገብልኝ» ብሎ ተቀመጠ። አባባ ጓንት ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ከዚያን ዕለት ወዲህ እንዳኮረፉኝ ናቸው። ፈጥኖ የማያውቀው መብረቅ እኔ አጠገቡ ስቀመጥ ፈጥኖ ይነሣል። አባባ ጓንት ምሳቸውን ይዘው ሌላ ዛፍ ሥር ይሄዳሉ። ቤቱን የመልቀቂያው ማስጠንቀቂያ በራችን ላይ ተለጥፏል። ባለቤቴ እሱን አይታ፣ እኔን አይታ «ግድ የለም፣ አፍህ ሰፊ ነው፣ እዚያ እንገባለን» አለችኝ። ትልቋ ልጄ ልብሷን በካርቶን ማድረግ ጀምራለች፤ ትንሿ ደግሞ እየተከተለች ታራግፍባታለች። እኔ መቆምም መቀመጥም አልሆንልህ ብሎኛል። በማታው ክፍል እንኳ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሎ፣ ከጎኔ ያሉት ሴትዮ «ልጄ፣ የእርስዎ እግር የእኔን ፊደል እያንጋደደው ነው» አሉኝ።

ከሁሉ የባሰብኝ ያ መኪና ነው። እየጮኸ ይመጣል፣ ይጎረጉራል፣ ይሄዳል፤ ግድግዳው የተገመጠ ዳቦ ይመስላል። በቀደም ቀብር ነበር። ሣጥኑ ሲወርድ አንድ ጎኑ ነካና መሐል ላይ ቆመ። የሟቹ ልጅ መሰለችኝ፣ አንዲት ሴት ቀና ብላ ዙሪያዋን ሰው ፈለገች። ሾፌሩ መኪናው ላይ ተቀምጦ ስልክ ያወራል። አካፋዬን ይዤ ልወጣ ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝና «መግባት ተከልክለሃል እኮ፣ ክሱን ታበላሻለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቤተ ዘመዶቹ ሣጥኑን መልሰው አውጥተው፣ በጫማቸው ጠርዙን እየረገጡ እስኪያሰፉት ድረስ በገዛ መስኮቴ ቆሜ አየሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የመናፈሻው አለቃ ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ስቦ ሻይ አዘዘልኝ፣ ያኔ ነው የጠረጠርኩት። ስምህን ከክሱ አውጣ፣ እኔ የቆፋሪዎች ተቆጣጣሪ አደርግሃለሁ፣ መናፈሻው ውስጥ ያለውን የዘበኛ ቤትም ለቤተሰብህ እሰጥሃለሁ አለኝ። መሳቢያውን ከፍቶ አዲስ ፊሽካ ከነማንጠልጠያው ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አልዋሽሽም እትዬ፣ ያብረቀርቅ ነበር። «አባባ ጓንትና መብረቅስ?» አልኩት። «እነሱ በአንተ ሥር ይቆፍራሉ» አለኝ። አባባ ጓንት በእኔ ሥር! አካፋ አያያዝ ያስተማሩኝ ሰው! ነገ ጠዋት መልስ ስጠኝ አለና ሸኘኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጠበቃችን ሮጥኩ። ዳኛዋ በእሷ ጥያቄ እንደገና ሊሰሙኝ ፈቅደዋል፣ ቀኑም ነገ ነው። ፊሽካውን ስነግራት እርምጃዋን ገታ አድርጋ ቆመች፤ ቆማ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። «ከክሱ መውጣት መብትዎ ነው» አለችኝ። «እርስዎ ሲወጡ ግን ቤቱም ከክርክሩ ይወጣል፣ የሁለቱም ነገር ይሳሳል። ከቀሩ ደግሞ ነገረ ፈጁ የዛፍ ጉድጓድ መቆፈር ይችላሉ ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበሉ። አልችልም ይበሉ። እውነት ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ።»

እኔ? አልችልም? በሰው ፊት? አንቺ ታውቂኛለሽ፤ ዋና ሳልችል እችላለሁ ብዬ ወንዝ ውስጥ ዘልዬ ገብቼ፣ በፀጉሬ ጎትተሽ ስታወጪኝ እንኳ «ልወጣ ስል ነው የመጣሽው» ያልኩሽ ሰው ነኝ። ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ከተሸነፍኩ ትልቅ ሰው ያደርጉኛል፣ ማሸነፍ ከፈለግሁ ደግሞ ትንሽ ሰው መሆን አለብኝ። እንዲህ ያለ ክርክር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ከሰዓቱን ሙሉ መስተዋት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት። «አልች» ድረስ እሄድና ሳል ይይዘኛል። ትንሿ ልጄ ውኃ አመጣችልኝ። እዚህ ላይ ላቁምና ቀሪውን ከችሎት ስመለስ ልጻፍልሽ፤ ይኸው ደግሞ እግሬ ተነሥ ተነሥ እያለኝ ነው።

ተመለስኩ። የምጽፈው ቆሜ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ እንዳትፈርጂብኝ። ጠዋት መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አለቃው ነው። ፊሽካው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነሣሁት፣ አንድ ጊዜ ነፋሁት፤ እንዲያው አማረኝ፣ ምን ላድርግ? ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩና «ከክሱ አልወጣም» ብዬው ወጣሁ።

ችሎት ነገረ ፈጁ እየሣቀ ተነሣ። «የማልቆፍረው ጉድጓድ አልተፈጠረም ብለው ነበር። ካለፈው ወዲህ የተፈጠረ አለ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር እትዬ፣ ደግሞ ጥሩ መልስ ነበር! ዋጥኩት። አባባ ጓንት መሬት መሬቱን ያያሉ። «አልችልም» አልኩ። ድምፄ ይህን ያህል ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። ዳኛዋ «አልተሰማም፣ ይድገሙት» አሉኝ። ግፉን እይልኝ፣ ያንን ቃል ሁለት ጊዜ! «የዛፍ ጉድጓድ መቆፈር አልችልም፣ ክብርት ዳኛ።»

ነገረ ፈጁ «እስከ ጉልበት የሚደርስ? ሕፃን የሚቆፍረውን?» አለ። ያኔ ሳላስበው ነገሩ መጣልኝ። ለማሸነፍ ብዬ አይደለም፣ ለራሴም የገባኝ ያኔ ስለሆነ ነው። እንዲህ አልኳቸው፦ ከመንገዱ ጉድ በኋላ ክቡን ጉድጓድ አሳይተውናል፣ ሞክሬያለሁ። ጉልበቴ ጋ ሲደርስ በቃ ይሉኛል፣ እተዋለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ግን አንድ ሰው ሜዳ ላይ ጥዬ የሄድኩ ይመስለኛል። ዞር ብዬ አየዋለሁ። ችግኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እጄ ግን አያውቅም። ሰው ሳያየኝ ተመልሼ አጠልቀዋለሁ፣ ችግኙን እስከ አናቱ አስገባዋለሁ፣ አፈሩን ደህና አድርጌ አለብሰዋለሁ። እኔ ከተከልኩት አንድም የጸደቀ የለም፣ አለቃውን ጠይቁት። የተከልኩ እየመሰላቸው ሁሉንም ቀብሬባቸዋለሁ። ያኛውን ሥራ እችላለሁ፣ ይህን አልችልም።

ማንም አልሳቀም። እኔ ተናግሬ ሰው ሳይስቅ ሲቀር አይቼ ስለማላውቅ ደንግጬ ቁጭ አልኩ፤ ቁጭ በል ያለኝ ሳይኖር። ዳኛዋ ጻፉ ጻፉና፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ቤቱን ማንም እንዳያስለቅቀን አግደው ለውሳኔ ቀጠሮ ሰጡን። ጠበቃችን ደረጃውን እየወረደች እግድ ማለት ማሸነፍ አይደለም፣ እንዳትጨፍሩ አለችን። መብረቅ እታች ደርሶ ይጠብቀኝ ነበር፤ መቼ እንደቀደመኝ አላውቅም። አባባ ጓንት ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሳትቀባጥር ስትናገር ዛሬ ገና ሰማሁህ። አያምርብህም» አሉኝ። ምሳቸውን ግን ከሁለት ገምሰው ሰጡኝ።

ቀጠሮው ገና ሩቅ ነው። እንዴት ሆኜ እንደምደርስበት እንጃ። ትልቋ ልጄ ካርቶኗን አልፈታችውም፤ እግድ ማለት ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ገብቷታል መሰለኝ። ባለቤቴ «አሁንስ ተቀመጥ» ስትለኝ «አልችልም፣ ክብርት ዳኛ» እላታለሁ፣ ኩርፊያዋን ትረሳና ትሥቃለች። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ተራችንን ስንጠብቅ እዚያ ችሎት ብዙ ሰው አልችልም ሲል ሰምቻለሁ፤ እያለቀሰ የሚል አለ፣ እየተቆጣ የሚል አለ። እንደ እኔ አድርጎ አልችልም የሚል ግን፣ እትዬ ሙች፣ በዚህ ከተማ የለም።

እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ስለ ቤቱ ግን እንዳትነግሪያት፣ ታስባለች። ጋሼን ሲነቃ ሰላም በይልኝ። መንታዎቹን ግንባር ግንባራቸውን፣ መጀመሪያ የተወለደውን መጀመሪያ፣ አለዚያ ይጣላሉ። አብራሽ የምትሰፋውን ጎረቤትሽንም እጅ ነሥቻለሁ በያት። ባለቤቴ በጣም ትናፍቂኛለሽ ብላሻለች። ልጆቹ አክስታችን የላከችው ሹራብ ልክ ሆነልን ይላሉ፤ ትንሿ ጠብቧታል፣ አላወልቅም ብላ ነው። መልስሽን በራስሽ እጅ ጻፊልኝ፣ አሁን የሚያነብልኝ አልፈልግም።

ወንድምሽ፣ 1ኛ ከሳሽ

ከመግቢያው አጠገብ ካለው ቤታችን፣ እስከ ውሳኔው ድረስ
ዓርብ፣ ግንቦት 22